የሲስተር ጀርባ

እኔን ያሳሰረኝ ኪስ ነው።

አምቦ ገበያ ዳር በተከራየኋት ጠባብ ክፍል ውስጥ ልብስ እሰፋ ነበር። አንድ ቀን አንድ ወጣት ካኪ ሱሪ ይዞ መጣና "በውስጥ በኩል ኪስ ጨምሪልኝ" አለኝ። ጨመርኩለት። ኪስ ምን ይጠየቃል? ለከብት ነጋዴው የብር መደበቂያ፣ ለሹፌሩ የመንጃ ፈቃድ ማስቀመጫ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ወጣቱ ሲያዝ እዚያች ኪስ ውስጥ የተከለከለ ወረቀት ተገኘ። ስፌቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አልደከሙም፤ በከተማው ውስጥ እንደ እኔ ጠርዙን ደርቦ የሚሰፋ አልነበረም። በሥራዬ ጥራት ታሰርኩ ማለት ነው። ይሄን ቀልድ የምቀልደው ግን አሁን ነው፤ ያን ቀን ከወንበሬ ሲያስነሱኝ እግሬ ከስፌት መኪናው መርገጫ አልላቀቅ ብሎኝ ነበር።

ያስገቡኝ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው። የከረመ ገብስ፣ ላብ፣ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ፣ ከዚያ ሁሉ በላይ ደግሞ የለጋ ቅቤ ሽታ። ቅቤው ከየት መጣ ብዬ ገረመኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ፣ ከቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳዎች በሚገባው ብርሃን አንዲት ሴት አየሁ፤ ቅቤ አናቷ ላይ እንደ ቆብ ተቀምጧል። ካቦዋ ነበረች። ካቦ ማለት እስረኛ ሆና እስረኞቹን የምታስተዳድር ናት። የሸነን ከተማ ቅቤ ነጋዴ ስትሆን፣ ቅቤ ደብቀሽ ገበያ አስወድደሻል ተብላ ነው የገባችው። ሁላችንም "አዴ" ነበር የምንላት፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደ ማለት ነው።

"አንቺስ በምን?" አለችኝ።

"በኪስ።"

"ሰርቀሽ?"

"ሰፍቼ።"

ትንሽ አየችኝና አናቷን በጣቷ ዳበሰች። "በይ ግቢ። እኔ በቅቤ፣ አንቺ በኪስ። የአብዮቱ ጠላት አላለቀም ለካ። እዚያ ግድግዳው ጋ፣ ከሲስተር አጠገብ ተኚ። ደግሞ ጀርባዋን እንዳትነኪ፣ በእግዜር።"

ሲስተር በሆዷ ተኝታ ነበር። ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ፣ በአንድ ዓይኗ ወደ እኔ ቀና አለች። "እንኳን ደህና መጣሽ አልልሽም፤ ደህና ቦታ አይደለም" አለች። ድምጿ የሐኪም ቤት ድምፅ ነበር። ዝቅ ያለ፣ የማይቸኩል።

ነርስ ናት። የጌዶ ልጅ፣ የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ፣ ብቸኛ የእናቷ ልጅ። ጀርባዋ የታመመው ከመታሰሯ በፊት ነው። ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ለክትባት ጎጆ ወደምትባለው ከተማ ሄደው ሲመለሱ በዚያ አስቀያሚ መንገድ መኪናቸው ተገለበጠና ወገቧን ተመታች። ኪኒን ሲሰለቻት ትሠራበት በነበረው ሆስፒታል ከቻይና የመጡ ሐኪሞች በመርፌ አከሟት። መድኃኒት ያለው መርፌ አይደለም፤ እንዲሁ ቀጭን መርፌ ቆዳ ላይ ሰክተው የሚተዉት። እሷም አልጋው ላይ ተኝታ መታከሙ አልበቃ ብሏት፣ ከሥራ ሰዓት ውጪ አጠገባቸው እየቆመች ተማረችው።

ከታሰረች በኋላ ደግሞ ያንኑ ወገብ ደበደቡት። አንድ የቆሰለ ሰው በድብቅ አክመሻል ነው ክሱ። ማንነቱን ንገሪን ይሏታል። እሷ ሁልጊዜ የምትሰጠው መልስ አንድ ነው፦ "ቁስል ነው ያከምኩት። ቁስል ስም የለውም።"

በገባሁ ሰሞን ለምርመራ ጠሯትና ሲመልሷት አየሁ። ሁለት ወታደሮች በብብቷ ይዘው፣ እግሯ መሬቱን እያረሰ፣ ቀሚሷ ከጉልበቷ በላይ ተሰብስቦ። ግድግዳው ጋ ጣሏት። የገበያ ቀን ነበር፤ ቤተሰብ ስንቅ የሚያመጣበት ቀን። ቀሚሷን ወደ ታች ስስብላት ታለቅሳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አላለቀሰችም።

"እናቴ በሩ ላይ ነበረች" አለችኝ።

"አየችሽ?"

"አየችኝ። ከሽቦው ማዶ፣ ሰሃኗን ታቅፋ። እንደ ድንች ጆንያ ሲጎትቱኝ አየችኝ። ሕመሙን ለምጄዋለሁ። እሷ ጌዶ ተመልሳ ዓይኗን ስትከድን የምታየው ይሄንን ነው። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ቀጥ ብዬ ስሄድ ልታየኝ ይገባል።"

ከዚያች ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረንም። ሲስተር በገበያ ቀን፣ እናቷ በሩ ላይ ባሉበት ሰዓት፣ ግቢውን በራሷ እግር አቋርጣ እስከ መጸዳጃ ቤቱ ትሄዳለች። የተመኘነው ይህንኑ ነው።

"አንቺ ሰፊ" አለችኝ በማግስቱ። "እጅሽ ይንቀጠቀጣል?"

"መርፌ ስይዝ አይንቀጠቀጥም።"

"የራሴን ወገብ ራሴ አልደርስበትም። አንቺ ትወጊኛለሽ።"

ሳቅኩ። ከዚያ እየቀለደች አለመሆኑ ገባኝና መሳቄን ተውኩት።

ለእጅ ሥራ ጠዋት ጠዋት መርፌ ይታደለን ነበር፤ ማታ ተሰብስቦ ይመለሳል። አዴ "ተሰበረብን" እያለች የአንዱን መርፌ ስባሪ ደጋግማ እያሳየች፣ ቀጫጭኖቹን አስቀረችልን። ቢሆንም ለገላ ወፍራም ናቸው። ሲስተርና እኔ እየተፈራረቅን ሲሚንቶው ላይ ሳልናቸው፣ እንደ ፀጉር ባይሆኑም እንደ ጠንካራ የፍየል ፂም እስኪሆኑ ድረስ። ለመጥለቂያቸው ልክ እንዲሆነኝ በየመርፌው ወገብ ላይ ክር ጠመጠምኩ፤ ክሩ ቆዳዋን ሲነካ አቆማለሁ። ይሄ የእኔ ፈጠራ ነው። ሲስተር ክሩን አይታ "ቻይናዎቹ ይሄንን ቢያዩ ይቀጥሩሻል" ስትለኝ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አልረሳውም።

መርፌ የምናጥብበት ነገር አክስቴ አመጣችልኝ። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሞልታ አረቄ። በሩ ላይ ፈታሹ ሊከፍተው ሲል "ጠበል ነው" አለችው፤ ጠርሙሱን ተሳልሞ አሳለፈው። ሲስተር ይሄን ስትሰማ፣ እያመማት እስክትቃትት ሳቀች። "ጌታ ይቅር ይበለኝ" አለች፣ "በጠበል የምታከም ጴንጤ እኔ ብቻ ነኝ።"

የመጀመሪያ ቀን ግን ነገሩን ላበላሸው ነበር። በአረቄ የታጠበውን መርፌ ተቀበልኩና ሳላስበው ፀጉሬ ውስጥ አሳለፍኩት። ሰፊ የሆነ ሰው ያውቀዋል፤ መርፌ በፀጉር ወዝ ካልታሸ ጨርቅ ላይ አይሮጥም። እጄ የለመደውን አደረገ።

"ምን አደረግሽ?" አለች ሲስተር ከተኛችበት።

"ምን አደረግኩ?"

አዴ ነገረችብኝ። "ፀጉሯ ውስጥ አሻችው!"

"ወይኔ አምላኬ። አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ካኪ ሱሪ ነኝ? መልሰሽ እጠቢው!"

መልሼ አጠብኩ። ቀጥሎም እጄ ወደ ፀጉሬ ሄደ። አዴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እጄን መጠበቅ ሥራዋ ሆነ፤ ክንዴ ከፍ ባለ ቁጥር ትመታኛለች።

ሲስተር ቦታውን በቃል ትመራኛለች። ከአከርካሪው አጥንት ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጣት ያህል ራቅ ብሎ። ከጉልበቷ ጀርባ፣ እጥፋቱ መሃል። ጣቴን አስቀምጬ "እዚህ?" እላለሁ፤ "ትንሽ ወደ ታች… እዚያ" ትላለች። "ስታስገቢው ሥጋው ይይዝሻል። ወፍራም ጨርቅ መርፌውን ጨበጥ ሲያደርገው ታውቂው የለ? እንደዚያ ሲልሽ ተይው።" እውነትም ያዘኝ። ትንፋሿን ሰብስባ "ከበደኝ፤ ጥሩ ነው" አለች። ደም እንኳ አልወጣም።

መርፌዎቹን ነቅዬ ስጨርስ ደግሞ አንድ ጥያቄ አላት፣ የሐኪም ቤት ልማድ ነው። ቀዶ ሕክምና ላይ የገባ ዕቃ ሁሉ መውጣቱ ሳይረጋገጥ ማንም ከክፍሉ አይወጣም።

"ሞላ?" ትለኛለች።

መርፌዎቹን በሰሃኑ ላይ ቆጥሬ "ሞላ" እላለሁ።

ያን ጊዜ ነው የምትንቀሳቀሰው።

አዳናት አልልም። እሷም እንዲህ አላለችም። "ሕመሙ የትም አልሄደም" አለችኝ አንድ ቀን፤ "ጎረቤት ልከሽው ነው። ለቡና ጠርተውት ትንሽ ተጫውቶ ይመጣል።" በዚያች ሕመሟ ጎረቤት በሚሄድባት ሰዓት ግን መጀመሪያ ተቀመጠች። ከቀናት በኋላ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ከግድግዳው እስከ በሩ ድረስ ሄደች፣ ሁላችንም እግሯን እያየን፣ ልጅ ዳዴ ሲል እንደሚያዩ ሰዎች አፋችንን ከፍተን። አዴ "ጀባዹ! ጀባዹ!" ትላታለች፣ በርቺ ማለት ነው።

ፍተሻ ሲመጣ መርፌዎቹ የሚደበቁት አዴ አናት ላይ ነው፣ ቅቤው ውስጥ። ፈታሽዋ ሴት ሻሻችንን ሁሉ ታስፈታን ነበር፤ የአዴን ቅቤ ግን ነክታ እጇን መጥረግ ያስጠላታል። ሲስተር ከፍተሻው በኋላ መርፌዎቹ በፍል ውሃ ሲታጠቡ እያየች "ጀርባዬ ላይ ወጥ ልትሠሩ ነው እናንተ" ትላለች።

የቆረጥናት የገበያ ቀን ደረሰች። ጠዋት ከውጪ የአህያና የሰው ድምፅ ይሰማል፤ ጭነት መኪና ከጌዶ በኩል ሲገባ ጥሩምባውን ነፋ። ሲስተር ፀጉሯን አሠራች። ቀሚሷን ከአንገትጌው እስከ ጠርዙ ሰፍቼላት ነበር፣ ደርቤ። አዴ በበሩ ስንጥቅ ተመለከተችና "እናትሽ ተሰልፈዋል፤ ነጭ ነጠላ አድርገዋል" አለቻት።

"በይ ጀምሪ" አለችኝ ሲስተር።

መርፌዎቹን ሰካኋቸው። እጄ ወደ ፀጉሬ አልሄደም። ትንሽ ቆይተን ልነቅላቸው ስል መቀርቀሪያው ተንኳኳና በሩ ተከፈተ። ወታደሩ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሙሉ ስሟን ጠራ።

"ዕቃሽን ይዘሽ ውጪ!"

በዚያ ዘመን የታሰረ ሰው ይሄ ቃል ምን እንደሆነ ይነግራችኋል። ለምርመራ የሚጠራ ሰው ዕቃውን አይዝም። የሚፈታ ሰው ደግሞ እንዲህ ባለ ድምፅ አይጠራም። የቀረው መንገድ አንድ ነው፤ ከእሱ የተመለሰ አላየንም።

ወታደሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባና የተገለጠ ጀርባዋን፣ የተሰኩትን መርፌዎች አየ። "ምንድን ነው ይሄ?"

አዴ ተነሥታ ፊቱ ቆመች። "ሕክምና ነው! የሴት ገላ ነው ጓድ፣ ምን ታያለህ? እናት የለህም? ፊትህን አዙር!"

ይገርማችኋል፣ አዞረ። ግድግዳውን እያየ "ቶሎ በሉ፤ መኪናው ይጠብቃል። ካልቻለች ሰዎች እጠራለሁ፣ ይሸከሟታል" አለ።

"ማንም አይሸከመኝም" አለች ሲስተር። ድምጿ ያው ነበር። "ትንሽ ይታገሡኝ፣ ጓድ። መርፌዬን ላስነቅል።"

እጄ የተንቀጠቀጠው ያን ጊዜ ነው። መርፌ ይዤ በሕይወቴ ተንቀጥቅጬ አላውቅም። ክሯን እየያዝኩ አንድ በአንድ ሳብኩ። እንባዬ ጀርባዋ ላይ ወደቀ፤ በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩት። ሁሉን ሰሃኑ ላይ አኖርኩ።

"ሞላ?" አለችኝ።

ቆጠርኩ። ዓይኔ አላይ ብሎኝ እንደገና ቆጠርኩ።

"ሞላ" አልኳት።

በክርኗ ተደግፋ ተነሣች። ከዚያ በጉልበቷ። ከዚያ ቆመች። ነጠላዋን ሰጠኋት፤ ብርድ ልብሷን አዴ አጣጥፋ አስታቀፈቻት። ሲስተር ወደ እኔ ዞራ አንገትጌዋን በሁለት ጣቷ ነካ አደረገች፣ ስፌቱ ላይ፤ እና ወጣች። ግድግዳ አልያዘችም። ወታደሩ ከኋላዋ ነበር የሚሄደው፤ እሱ እሷን የሚከተል ይመስል ነበር።

በበሩ ስንጥቅ አየኋት፣ ግቢውን ቀጥ ብላ ስታቋርጥ። የሚጠብቃት መኪና ጋርዶብኝ ሽቦው ማዶ የቆመውን ሰው ማየት አልቻልኩም። የሰማሁት ግን እልልታ ነው።

አንዲት ሴት፣ ብቻዋን፣ ረጅም እልልታ። ልጃቸው ዕቃዋን ይዛ በእግሯ ስትወጣ አይተው የተፈታች መስሏቸዋል ብለን አሰብን። አዴ መሬቱ ላይ ተቀምጣ ሻሿን አፏ ውስጥ ከተተች። እልልታው የመኪናው ሞተር እስኪነሣ ድረስ አልቆመም።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ለእናቷ በሩ ላይ "ከእንግዲህ ስንቅ አታምጪ" አሏቸው። ከዚያ ሌላ ለማንም የተባለ ነገር የለም፤ እስከ ዛሬም የለም።

ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ጌዶ ነው። ቤታቸውን ጠይቄ አገኘሁት። አጥር ግቢያቸው ውስጥ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር። ማን መሆኔን ስነግራቸው መኮትኮቻውን አስቀመጡና እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ጥያቄያቸውን በኦሮምኛ ጀመሩት።

"ዱግዲ ኢሼ ሆ?" አሉኝ። ጀርባዋስ? ማለታቸው ነው።

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። መርፌውን፣ ክሩን፣ የአዴን ቅቤ፣ ስለ ጠበሉ ሳይቀር። እዚያ ላይ ፈገግ አሉ። ከዚያ ስለ እልልታው ማንሣት ፈራሁ። እሳቸው አነሡት።

"እዚያ የነበረው ሰው አበደች ብሎኛል" አሉ። "ወይ ልጇ የተፈታች መስሏት ነው ብለዋል።"

"እኛም እንደዚያ ነበር ያሰብነው፣ እማማ።"

"ብርድ ልብሷን ታቅፋ ሳያት ገብቶኛል። እኔ ልጅ ነኝ?" ወደ ጎመኑ ዞሩ። "ያመጣሁላትን ምግብ አልተቀበሉኝም። ወደ መኪናው ቀጥ ብላ እየሄደች፣ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። ሌላ ምን ልስጣት? አፌ ውስጥ የነበረው እሱ ነው።"

መኮትኮቻቸውን መልሰው አነሡ። እኔም ሌላ መኮትኮቻ ፈልጌ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አብረን ኮተኮትን።

አሁን የእኔም ወገብ ታሟል፤ ዘመኔን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ስል ኖሬ ምን ይሆናል ታዲያ። በቅርቡ የእህቴ ልጅ እዚሁ አምቦ አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ወጣቱ ሐኪም "እማማ፣ አኩፓንክቸር የሚባል ሕክምና አለ፤ መርፌ ነው፣ ይፈራሉ?" አለኝ። አልፈራም አልኩት። መርፌዎቹ በየወረቀታቸው የታሸጉ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። በሆዴ ተኝቼ፣ ጉንጬን ትራሱ ላይ አድርጌ፣ ከአጥንቱ ሁለት ጣት ራቅ ብሎ ሲነካኝ አወቅኩት። ከበደኝ። እሷ እንዳለችው ነው።

ጨርሶ "ይነሡ እማማ" አለኝ።

"ሞላ?" አልኩት።

"ምኑ?"

"መርፌው፣ ልጄ። ያስገባኸው ሁሉ ወጥቷል?"

ሳቅ ሊል ፈልጎ ፊቴን አየና ተወው። ወደ ሰሃኑ ተመልሶ በጣቱ እየነካ ቆጠረ።

"ሞላ፣ እማማ።"

እጁን ዘረጋልኝ። "ተው፣ ራሴ እነሣለሁ" አልኩት። በክርኔ፣ ከዚያ በጉልበቴ፣ ከዚያ ቆምኩ። እስከ ውጪው በር ድረስ ግድግዳ አልያዝኩም።

ሕመሜ አመሻሹ ላይ ተመልሶ መጣ። ጎረቤት ሄዶ እንደ ቆየ ሰው፣ ዝም ብሎ ገብቶ ቦታው ላይ ተቀመጠ።